ከጨርቁ በፊት ብረቱ፦ የደሴው ቤት መጋረጃ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ልኬት

ሥራው የእናቴን ቤት መጋረጃ ብርዱ ሳይጠነክር መቀየር ነው። ቤቱ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ከኅዳር ወዲያ ሌሊቱ አይቻልም፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ያረፍዳል። መጋረጃው ለጌጥ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቤቱ ሁለት ዓይነት ግድግዳ አለው። ሳሎኑ አሮጌው ጭቃ ቤት ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ጭድ የተቦካበት ጭቃ፣ ላዩ ልስንና ቀለም። መኝታ ቤቱ ኋላ የተቀጠለ ብሎኬት ነው። መስኮቶቹ የብረት ሲሆኑ ፍርግርጉ በውጭ በኩል ስለተበየደ ክንፎቹ ወደ ውስጥ ይከፈታሉ።

ጭቃ፣ ብሎኬት፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት ክንፍ። መጋረጃውን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው፤ ቤተሰቡ ግን ከቀለም ጀምሯል። እናቴ ወይን ጠጅ ከፋይ ትላለች። እህቴ አዲስ አበባ ተቀምጣ ግራጫ በግራጫ የሆነ ፎቶ ትልካለች። ጎረቤታችን ደግሞ ቡና ላይ "ዘመኑ የክሬም ነው" ብለው ፈርደዋል። እኔ ሜትር ይዤ ወንበር ላይ ቆሜያለሁ። ጨርቁ ስንት ሜትር እንደሚገዛ የሚታወቀው የዘንጉ ርዝመት ሲታወቅ ነው፤ የዘንጉ ርዝመት የሚታወቀው ጨርቁ ሲሰበሰብ የት እንደሚቆለል ሲታወቅ ነው፤ ያን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ ግድግዳው ነው። ቀለም የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

የሳሎኑ መስኮት ወርዱ 1.50 ሜትር፣ ቁመቱ 1.20 ነው። የላይኛው ጠርዙ ከወለሉ 2.20 ላይ ነው፤ ኮርኒሱ 2.62 ላይ። ከወለል ወደ ላይ የሚለካው በግራ፣ በመሐልና በቀኝ ነው፤ አሮጌ ቤት ወለሉ ስለማይስተካከል እዚህ በግራና በቀኝ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። የሚያዘው ትንሹ ቁጥር ነው። በረጅሙ ከተሰፋ አንደኛው ጫፍ ወለል ሲጠርግ ይኖራል።

የመኝታ ቤቱ መስኮት 1.20 በ1.20 ነው። ብረት መግዛቱን ለረቡዕ አሳደርኩት፤ ሰኞ ገበያ ውሎ ከተማው በሚጋፋበት ቀን ረጅም ዘንግ ተሸክሞ በፒያሳ ማለፍ የሰው ዓይን ማውጣት ነው።

ማክሰኞ፣ ግድግዳውን ማንኳኳት

አሮጌው መጋረጃ የተንጠለጠለው በሁለት ምስማር መሐል በተወጠረ ላስቲክ ለበስ ሽቦ ላይ ነው። ብዙ ቤት ያለው ይኸው ነው፤ ለስስ ጨርቅ ይበቃል። ከባድ ጨርቅ ሲሰቀልበት ግን መሐሉ ይረግባል፤ እንዳይረግብ ይበልጥ ሲወጠር ምስማሮቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። እዚህም የቀኙ ምስማር ዙሪያ ልስኑ ተፈንቅሎ ጭዱ ይታያል።

ጭቃ ግድግዳ ፊሸር፣ ማለትም የፕላስቲክ መሰኪያ፣ አይዝም። ፊሸር የሚይዘው ቪቴው ሲገባበት ተለጥጦ ጠንካራ ቀዳዳ ውስጥ ሲጨናነቅ ነው፤ ጭቃ ሲጨናነቅ ይፈርሳል። መያዝ የሚችለው እንጨቱ ብቻ ስለሆነ ቋሚዎቹን ፈለግኩ። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ ወደ ጎን ማንኳኳት፤ ድምፁ ከሚደፈነው ወደሚጠነክረው የሚቀየርበትን በእርሳስ ምልክት ማድረግ፤ ከዚያ በቀጭን ምስማር ማረጋገጥ። ጭቃ ከሆነ ምስማሩ ያለ ትግል ይገባል፤ እንጨት ከሆነ ይመልሰዋል። ከመስኮቱ በላይ አራት ቋሚ አገኘሁ፤ እርቀታቸው እኩል አይደለም። የመጋረጃ መያዣ ልክ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ግን አንዱም የለም።

ስለዚህ በቋሚዎቹ ላይ አግድም ጣውላ ይመታል፤ መያዣዎቹ ጣውላው ላይ ይታሰራሉ። ጣውላው 2.30 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 2.5 ውፍረት። የግድግዳው ቀለም ሲቀባ ከሩቅ አይታይም። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት "ታዲያ እሱንስ ከፋዩ አይሸፍነውም?" አለች። በከፊል እውነቷን ነው።

ረቡዕ፣ የብረት ሱቅ

ባለ ሱቁ ገና ሳልጠይቅ "ስንት ሜትር ነው?" አለኝ። በጣም የሚሸጠው ከጫፉ ጌጥ ያለው ወርቃማ ዘንግ ነው፤ ሰው ጌጡን አይቶ ይገዛል። ጌጡ የሚሠራው ሥራ ግን አንድ ነው፦ የመጨረሻው ቀለበት ከዘንጉ እንዳያመልጥ መያዝ። ዋናው ነገር ዘንጉና መያዣው ነው።

ዘንጉ ውስጡ ክፍት ቱቦ ስለሆነ በውፍረቱና በራሱ ብረት ስስነት እዩት። ቀጭኖቹ 16 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ለስስ መጋረጃ ይሆናሉ። ለገበር ያለው ጨርቅ 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ይሻላል። አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ የሚረዝመው ተሳቢ ዘንግ ለልኬት ይመቻል፤ ነገር ግን መገናኛው ላይ ደረጃ ስላለው ቀለበት ሲያልፍ ይነቅፈዋል፤ ሲረዝምም መሐሉ ይደክማል። እኔ ወጥ የሆነውን 28 ሚሊ ሜትር ወሰድኩ።

መያዣ ላይ ቆይቼ ነው የመረጥኩት። አንዳንዱ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው በአንድ ቪቴ ብቻ ነው፤ ይህ በጊዜ ብዛት ይዞራል። አንድ በላይ አንድ በታች ሁለት ቀዳዳ ያለው ነው የሚፈለገው። ምክንያቱ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ የሚጎትት አለመሆኑ ነው፤ ዘንጉ ከግድግዳው በራቀ ቁጥር የላይኛውን ቪቴ ወደ ውጭ ይነቅላል። ከግድግዳ እስከ ዘንግ 16 ሴንቲ ሜትር ያለው ባለ ሁለት ዘንግ መያዣ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ካለው ነጠላ መያዣ ጋር ሲተያይ በዚያው ክብደት ግድግዳውን የሚፈትነው እጥፍ ነው። በኮንክሪት ቢም ላይ ግድ የለም። በእኛ ሳሎን ግን ግድ አለው።

ከ8 ሴንቲ ሜትር በታች ደግሞ አይወረድም፤ ቀለበት የተመታበት መጋረጃ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚታጠፍ የኋላው እጥፋት ግድግዳውን እያሸ ያረጃል።

ባለ ሱቁ ባለ ሁለቱን ሊያሲዘኝ ብዙ ደከመ። "አብሽሪ፣ ስንቱ ጭቃ ቤት ሰቅሎታል!" አለኝ። ሰቅሎታል፤ ስንቱ ላይ እንደቆየ ግን አልነገረኝም።

ያው ረቡዕ፣ ማታ

ስስ መጋረጃ ግን የግድ ያስፈልጋል፤ ሳሎኑ ወደ መንገድ ነው የሚያየው። በሁለተኛ ዘንግ ላይ ከተሰቀለ ሁለት ችግር አለ፦ ከላይ ያልኩት የመያዣ ርዝመት፣ ሌላው ደግሞ ክንፉ። ክንፉ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት መስኮት በተከፈተ ቁጥር ስሱን መሰብሰብ ያሻል፤ ካልተሰበሰበ የክንፉ ጥግ ይቀደዋል።

መፍትሔው ስሱን ክንፉ ላይ ራሱ መስቀል ነው። በያንዳንዱ ክንፍ ላይኛና ታችኛ ጠርዝ ቀጭን ዘንግ፤ ጨርቁ ላይና ታች በተሰፋ ዋሻ ውስጥ ዘንጉ ያልፋል፤ መስኮቱ ሲከፈት ስሱ አብሮ ይዞራል። ክንፉ ብረት ስለሆነ በያጁ ስምንት ትንንሽ ሜንጦ (መንጠቆ) ይነካካበታል። መስተዋቱ አጠገብ ስለሚበየድ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈንበት፤ ብልጭታው መስተዋት ላይ ካረፈ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፣ አይጠፋም።

አሁን ከባዱ ብቻ በአንድ ዘንግ ቀረ። ጣውላውም እፎይ ይላል።

ሐሙስ፣ ቁጥር

ክንፎቹ በደንብ እንዲከፈቱ የተሰበሰበው ጨርቅ ከመስኮቱ ውጭ መቆለል አለበት። አሥራ ሁለት ቀለበት ያለው አንድ ወገን ከገበሩ ጋር ሲሰበሰብ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ዘንጉ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም 30፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ 1.50 ሲደመር 0.60፣ 2.10 ሜትር። ክንፉ ወደ ውጭ ቢከፈት ኖሮ 15 ወይም 20 ይበቃ ነበር።

ቀጥሎ ሙላት። ጨርቁ ሲዘጋ ዝርግ አንሶላ እንዳይመስል ከዘንጉ ይበልጣል፤ ቀለበት ለተመታበት እጥፍ ገደማ በቂ ነው። 2.10 ሲባዛ በ2፣ 4.20 ሜትር። ሁለት ወገን ስለሆነ እያንዳንዱ 2.10፤ የጎን እጥፋት በየጠርዙ 4 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር 2.18። በድምሩ 4.36፤ 4.50 ሜትር ይገዛል።

የቀለበቶቹ ቁጥር በያንዳንዱ ወገን ጥንድ መሆን አለበት። ጎዶሎ ከሆነ አንደኛው ጠርዝ ወደ ግድግዳ ሌላኛው ወደ ሳሎን ይዞራል። በ2.10 ሜትር ላይ 12 ቀለበት፤ ከየጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ተትቶ በመሐል 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የቀለበቱ ቀዳዳ ከዘንጉ በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይስፋ፤ ለ28 ሚሊ ሜትር ዘንግ 40 ሚሊ ሜትር ይስማማል።

ቁመት። ዘንጉ ከወለል 2.35 ላይ ያርፋል፤ ከመስኮቱ 15 ሴንቲ ሜትር በላይ ማለት ነው። ጨርቁ ከዘንጉ በላይ 3 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ከወለሉ 1.5 ይነሣል። ተሰፍቶ ሲያልቅ 2.36 ሜትር ገደማ። ለላይ 10፣ ለታች እጥፋት 15 ሲጨመር 2.61።

እናቴ መስኮቱ ሥር ሶፋ ስላለ መጋረጃው ሶፋው ጀርባ ላይ ይቁም ብላ ነበር። ያለማመንታት እምቢ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። መስተዋቱን የነካ አየር ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቅዞ ይወርዳል፤ አጭር መጋረጃ ሥር ወጥቶ በቀጥታ የተቀመጠ ሰው ጀርባ ላይ ይፈሳል። ሶፋው 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይምጣ፣ ጨርቁ ወለል ይድረስ። ድሮ በብርድ ወራት በሩ ላይ ባና የሚጋረደው እስከ መሬት ነበር፤ ያንን የምታውቀው እሷ ናት።

ዓርብ፣ ጨርቅ

አሁን ቀለም ይመረጣል። ወይን ጠጁ አሸነፈ። ተከራካሪው እህቴ ነበረች፤ እሷ ደግሞ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው።

የመጋረጃ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ወርዱ 2.80 ሜትር ነው፤ በጎን ዞሮ ወርዱ ቁመት ይሆናል፤ የሚቆረጠው ሜትር ደግሞ የመጋረጃው ወርድ። የእኛ 2.61 ስለሆነ ያለ ቅጥል ይወጣል። 1.40 ወይም 1.50 ወርድ ያለው ግን እንደ ልማዱ በቁመት እየተቆረጠ ይቀጠላል፤ ሒሳቡ ፈጽሞ ይለያል፣ አበባ ካለበትም አበባው እንዲገጥም ተጨማሪ ይባክናል። ሜትር ቆጥራችሁ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ወርዱን ጠይቁ። ከፋይ ከሆነ ሌላም አለ፦ ጠጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚተኛ ሁለቱ ወገን በአንድ አቅጣጫ ካልተቆረጡ አንደኛው ጠቆር፣ አንደኛው ፈካ ብሎ ይታያል።

እዚያው ሱቅ የሚሞከር፦ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ማየት፤ በመዳፍ ጨምቆ መልቀቅና ሲጨማደድ ማየት፤ ነጭ እርጥብ መሐረብ አሽቶ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን ማየት። ነጋዴዋ መሐረቡን ሳወጣ ሳቀች፤ "የኔ እናት፣ ልጅ ልትድሪ ነው ወይስ መስኮት?" አለችኝ። መሐረቡ ግን ነጭ እንደሆነ ተመለሰ፤ ገዛሁ።

ለገበሩ አቡጀዲ መረጥኩ። ጥጥ ስለሆነ ከመሰፋቱ በፊት መነከርና መድረቅ አለበት። ቁራጩን 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ፣ አጥቦ መለካት ነው። ከመቶ 3 እጅ ብቻ ቢሸበሸብ 2.36 ሜትሩ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከፋዩ ሳይሸበሸብ ገበሩ ብቻ ቢያጥር ፊቱን ወደ ላይ ይስበዋል።

ዋጋ አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡት ሌላ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ሰቀላ

መኝታ ቤቱን ቀድሜ ጀመርኩ፤ የተከራየሁት ድሪል በሰዓት ነው የሚቆጥረው፣ መብራትም እስካለ ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸር ባዶው ላይ ከወደቀ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም። ከመስኮቱ በላይ ያለው ቢም ግን ድፍን ኮንክሪት ነው፤ የሚበሳው እሱ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የድሪሉ መብሻ)፣ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር፣ ቀዳዳው ከፊሸሩ ትንሽ የጠለቀ፣ አቧራው ተነፍቶ የወጣ። አንዱ ቀዳዳ ላይ ፑንታው ፌሮ፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት፣ ነካ፤ ድምፁ ወዲያው ይለያል። 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ።

ለመኝታ ቤቱ ዘንግ አልፈለግሁም። ብርዱ የሚብሰው እዚያ ስለሆነ ሐዲድ ነው ያስገባሁት፤ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ውስጡ ትንንሽ ተንሸራታች ያለው። ቀለበት የተመታበት መጋረጃ ከላዩ በእጥፋቶቹ መሐል ክፍት ስለሚተው አየር ይመላለስበታል። በሐዲድ ላይ ያለው ግን ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ተጠግቶ ይሮጣል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ማንጠልጠያዎች ግድግዳው ላይ በተመታ ትንሽ ሜንጦ ሲያዙ ጎኑም ይዘጋል። መልኩ ከዘንጉ ያነሰ ነው ቢባል አልከራከርም፤ ሥራው ግን ይበልጣል። ሐዲዱ 1.80፣ ሙላቱ 2.2፣ ጨርቁ ወደ 4 ሜትር።

ይህኛው ላዩ ላይ የሚሰፋበት 7.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የሽንሽን ጥብጣብ ነው። በውስጡ ክር አለው፤ ክሮቹ በአንድ ጫፍ ታስረው በሌላው ሲሳቡ ጨርቁ ይሸነሸናል። የተረፈውን ክር አትቁረጡት። ጠቅልላችሁ ከኋላ አንጠልጥሉት፤ ለእጥበት ሲፈታ ጨርቁ ዝርግ ሆኖ ይታጠባል፣ ይተኮሳል።

የሳሎኑ ጣውላ በ10 ሴንቲ ሜትር ቪቴ ቋሚዎቹ ላይ ገባ። ግድግዳው ሆዱን ስለነፋ በሁለት ቦታ ከኋላው ስስ ቁራጭ እንጨት ሰገሰግሁ፤ ያለዚያ ቪቴው ሲጠብቅ ጣውላው ግድግዳውን ተከትሎ ይጎብጣል። ውሃ ልኩ ጣውላው ልክ ነው ይላል፤ ዓይን ግን ኮርኒሱን ስለሚያይ ያዘመመ ነው ይላል። ኮርኒሱ ነው ያዘመመው። ለመጋረጃ ከውሃ ልኩ ይልቅ ዓይንን አምናለሁ፤ ከልዩነቱ ግማሹን ለኮርኒሱ ሰጠሁት።

ዘንጉ 2.10 ስለሆነ፣ ከፋዩና ገበሩም ተደምረው 5 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝኑ፣ በሁለቱ ጫፍ መያዣዎች መሐል ሦስተኛ ገባ። መሐለኛው መያዣ ቀለበት አያሳልፍም፤ ለሁለት ወገን መጋረጃ ችግር የለውም፣ እያንዳንዱ በራሱ በኩል ይቀራል። አንድ ወገን ብቻ የምትሰቅሉ ከሆነ ግን መሐሉ ላይ ይቆማል፤ ወፍራም ዘንግ ገዝታችሁ መሐለኛውን ተዉት። በየጫፉ አንድ ቀለበት ከመያዣው ውጭ፣ በመያዣውና በጌጡ መሐል ይቅር፤ ጨርቁ ሲሳብ ጠርዙ አብሮ እንዳይሄድ የሚያስረው እሱ ነው።

ከሳሎን ወደ ጓዳ ያለው የበር መጋረጃ በአሮጌው ሽቦ ላይ ይቆያል። ስስ ነው፣ ሁሉም በእጁ ገፍቶት ነው የሚያልፈው፤ ከባድ ነገር አያስፈልገውም።

ማክሰኞ፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ

ልብስ ሰፊው ያረጁ፣ እጃቸው የታወቀ ሰው ናቸው። ወረቀቴን አይተው "ልጄ፣ ይኼ የቤት ፕላን ነው?" አሉኝ። አንድ ነገር ግን ጨመሩልኝ፦ ገበሩ ከታች ከከፋዩ ጋር አይሰፋም። ላይና ጎን ብቻ ይያያዛል፤ ታቹ ተለይቶ ይንጠለጠላል፣ 3 ሴንቲ ሜትርም ያጥራል። ሁለት ጨርቅ እኩል አይረግብም አሉ። የከፋዩንም የታች እጥፋት በመኪና አልሰፉትም፤ በመርፌ ጣል ጣል አድርገው፣ ተሰቅሎ ክብደቱ እስኪያወርደው እንድጠብቅ አዘዙኝ።

"ጋሼ፣ ምን ያህል ጊዜ?"

"እስኪበቃው።"

ዓርብ፣ ከተሰቀለ በኋላ

ሁሉም ተሰቅሏል። ክንፎቹ ዘጠና ዲግሪ አልፈው ይከፈታሉ፣ ስሱ አብሯቸው ይዞራል፣ ከፋዩ አይነካቸውም። ከፋዩ በሁለቱ ጎን በማሰሪያ ይታሰራል፤ ማሰሪያው ለጌጥ አይደለም፣ የቡና ምድጃው የሚቀመጠው መስኮቱ አጠገብ ነውና። ይህ ዓይነቱ ከፋይ ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ ፍም ሲነካው ይቀልጣል። ከዚህ የባሰው የመኝታ ቤቱ ነው፦ መስኮቱ እንዲህ ከተዘጋ ወዲያ ለሙቀት ብሎ ከሰል ማስገባት በጭራሽ አይቻልም፤ ጭሱ ሳይታይ ይገድላል። ለእናቴ ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ ምድጃው ከሳሎን እንዳይዘልቅ ተስማምተናል።

ታችኛው ጠርዝ እስካሁን በግራ በኩል አንድ ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ልብስ ሰፊው ልክ ነበሩ።

የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደውላ ወረቀቱን እንዳለ ላኪልኝ አለች። አልላክሁም። የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ገበር ሳይሆን ጥላና ነፋስ ነው። የእሷ መስኮት ተንሸራታች አሉሚኒየም ስለሆነ የክንፍ ጣጣ የለባትም፤ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃታል፣ ስሱን በሙሉ ቁመት ሰቅላ ከባዱን ልትተወው ትችላለች። ሐዲዱን ከጣሪያው ጋር ማሰር ትፈልጋለች፤ ጣሪያዋ ግን ጂብሰም ነው፤ ጂብሰም ብቻውን አይሸከምም። ከጂብሰሙ ጀርባ ያለው ብረት በየት በየት እንደሚያልፍ የሠራላትን ሰው ጠይቃ እስክትነግረኝ ድረስ ምንም እንዳትገዛ ነግሬያታለሁ። ጨርቁን ግን ትናንትና ገዝታዋለች።